ልዋጭ ወይስ ሽያጭ፤ ስለ አሮጌ ጊታር

አሮጌውን ዕቃ ለነጋዴ ሰጥቶ በአዲስ መለወጥ ድካምን የሚያስቀር ይመስላል። ልጄ 14 ዓመት ስለ ሞላት፥ ለሕፃናት የሚሠራው ሦስት አራተኛ መጠን ያለው ጊታር አነሳት፤ ትልቁን መግዛት አስፈለገ። ነጋዴው የትልቁን ዋጋ 18,000 ብር ብሎ፥ ለአሮጌው 4,000 ብር እንደሚቀንስልን ነገረን። ባለቤቴ ግን «አሮጌውን ሳንሰጥዎ በጥሬ ገንዘብ ብንገዛውስ?» ብላ ጠየቀች፤ 16,000 ብር አለ። እንግዲህ ለአሮጌው የሰጠን 2,000 ብር ብቻ መሆኑ ታወቀ። ነጋዴውን መውቀስ አይገባም፤ አውታሩን ይለውጣል፥ የአንገቱን መጣመም ያቃናል፥ ገዥ እስኪመጣም የሱቅ ኪራይ ይከፍላል። ቢሆንም ሁለቱን ዋጋ ለየብቻ ማስነገር የገዥው ፈንታ ነው።

በቴሌግራም ገበያ ብናወጣው በ6,000 ብር ፈላጊ ተገኘ። ይህም ያለ ድካም አልሆነም፤ ብዙዎች ጠይቀው ቀሩ፤ አንዱም የባንክ ደረሰኝ ሥዕል ልኮ ዕቃውን በመልእክተኛ እንድንሰድለት አዘዘ። ገንዘቡ በሒሳባችን ሳይታይ እንዳይሰጥ ከለከልሁ፤ ሐሰተኛ ወረቀት በፍርድ ቤት መዝገብ ስንት ጊዜ አይቻለሁ!

ከእውነተኛው ገዥ ጋራ ሰው በሚበዛበት ቡና ቤት ተገናኘን። ልጄ በጀርባው ያለውን ስንጥቅ ሳትጠየቅ አሳየቻቸው፤ እርሳቸውም 500 ብር አስቀነሱ። እናቷ ወደ እኔ ተመለከተች፤ እኔም ዝም አልሁ። ልጄም አውታሩን ቃኝታ ለ8 ዓመቱ ልጃቸው አስታቀፈችው።