ሜዳ የሌለው ባለሜዳ

በኳስ ዘገባ ውስጥ «ባለሜዳው ቡድን» የምትል አነጋገር አለች። ጋዜጠኞቻችን ከልምድ የተነሳ ነው የሚሏት፤ እኔ ግን በሰማኋት ቁጥር ትንሽ ይከፋኛል። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ላይ ዋልያዎቹ ለቻን ማጣሪያ ሩዋንዳን ሲገጥሙ ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ነበረች። ጨዋታው የት ተደረገ? ዳሬሰላም፣ ታንዛኒያ! ባሕር ዳርም አይደል፣ አዲስ አበባም አይደል። በዚያን ጊዜ የካፍን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም አልነበረንማ።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው ውድድሩ ቻን መሆኑ ነው። ቻን በ2001 ዓ.ም. በኮትዲቯር በ8 ቡድኖች ሲጀመር ሐሳቡ ግልጽ ነበር። በአፍሪካ ዋንጫ አውሮፓ ያሉት ከዋክብት ይደምቃሉ፤ በቻን ግን የሚሰለፈው በገዛ አገሩ ሊግ የሚጫወት ብቻ ነው። ዜግነት ብቻውን አይበቃም። የፋሲል ከነማን ግብ ሲጠብቅ የነበረው ማሊያዊው ሳማኬ፣ ጎንደሬው የቱንም ያህል ቢወደው፣ እዚህ እየተጫወተ ለማሊ በቻን መሰለፍ አይችልም ነበር። ውድድሩ የሚፈልገው የቤት ልጅ ነው። እኛ ደግሞ የቤት ልጅ ሞልቶናል፤ ያጣነው ቤቱን ነው።

ይህን ነገር ጎንደር ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ፋሲል ከነማ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. በአፍሪካ መድረክ የታንዛኒያውን አዛም ሲያስተናግድ ያስተናገደው ባሕር ዳር ላይ ነው። የገዛ ቡድናችንን በ«ሜዳው» ለማየት 180 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና መሄድ ነበረብን። 1 ለ 0 አሸነፍንና መንገዱን ረሳነው። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተዘዋወሩ መካሄድ ጀመሩና በቴሌቪዥን ይተላለፉ ጀመር። ፋሲል በዚያው ዓመት የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ከተማው በደስታ አበደ። ልብ በሉ፤ ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ!

በጥር 2015 ዓ.ም. አልጄሪያ ላይ የተደረገውን ቻን ያየሁት ከተማችን በጥምቀት እንግዳ ተጨናንቃ ሳለ ነው። ጥር 6 ከሞዛምቢክ 0 ለ 0 ወጣን፤ ጥር 9 በአልጄሪያ 1 ለ 0 ተሸነፍን። ታቦታቱ ወርደው ገቡ፤ ጥር 13 ሊቢያ 3 ለ 1 አሸኘችን። ዲ.ኤስ.ቲ.ቪ. ቤት አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት «ይሄ ኳሱን የያዘው ልጅ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። የየትኛው ክለብ ነው ማለታቸው ነው። ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር፤ የመለሰላቸው ግን አልነበረም። ያው ቤት ቅዳሜና እሁድ የአርሰናልን ተጠባባቂዎች ሳይቀር በስም የሚጠራ ቤት ነው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ሜዳ ቢኖረን ኖሮ እናሸንፍ ነበር እያልኩ አይደለም። በ2006፣ በ2008 እና በ2015 ዓ.ም. ሦስት ጊዜ በቻን ተሳትፈን 9 ጨዋታ አደረግን፤ አንድም አላሸነፍንም፤ ያገባነው 2 ጎል ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በማጣሪያው ሱዳን ጥላን አለፈች። ከመተማ ማዶ ያለችው፣ ጦርነት ቤቷን ያፈረሰባት ሱዳን! ትልልቆቹ ክለቦቿ አል ሒላልና አል መሪኽ ተሰደው ሞሪታኒያ ሊግ ውስጥ እየተጫወቱ፣ ብሔራዊ ቡድኗ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ኡጋንዳ ባዘጋጁት ቻን 4ኛ ወጣ። እኛ ጎረቤቶቻችን ደግሰው ሲያስተናግዱ በቴሌቪዥን አየን። የ2020ው ቻንም ለእኛ ተሰጥቶን፣ ዝግጅቱ አልደረሰ ብሎ ለካሜሩን የተላለፈ ድግስ እንደነበር አትርሱ።

እናም ስታዲየሙ የሚያስፈልገን ለሽንፈታችን ሰበብ እንዲሆነን አይደለም። የሚያስፈልገው ለሚያየው ነው። ጎረቤቴ 12 ዓመት የሆነው ልጅ አለ። ከሰፈር ሲጫወት «እኔ ሳላህ ነኝ» ይላል፤ ጓደኛው «እኔ ሳካ ነኝ» ይለዋል። «እኔ የፋሲሉ እከሌ ነኝ» የሚል ልጅ ግን ሰፈራችን ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ከየት ያምጣው? የክለቡን ተጫዋች ያየው እንደ ሳላህ በስክሪን ነው። ከተከላካዩ ጋር ሲጋጭ የሚሰማውን ድምፅ አልሰማም፤ ተሸንፎ ሲወጣ አንገቱን ሲደፋ አላየም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን የተነሳው ግጭት ደግሞ ሕፃናቱን ከሜዳም ከትምህርት ቤትም ሲያርቃቸው፣ ኳሱ ጭራሽ ሩቅ ሆነ።

ዋልያ በዓለም ላይ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዱር የትም አይገኝም። ብሔራዊ ቡድናችን ስሙን የወሰደው ከእኛው ደጋ፣ ገደል ላይ ተጠግቶ ከሚኖረው ከዚህ እንስሳ ነው። ዋልያው እንኳን የሚቆምበት ገደል አለው። ለልጆቻችንም አንድ ሜዳ አይብዛባቸው፤ ሲያሸንፉም ሲሸነፉም ስማቸውን ጠርተን እንድንሸኛቸው።