ጥቁር ማሊያ፣ ነጭ ኮከብ

በዚህ መጽሔት ስለ ጣሊያን እግር ኳስ መጻፍ ለምን አስፈለገ ትሉ ይሆናል። ልጆቻችን የጁቬንቱስንና የሚላንን ተጫዋቾች ስም ከሰሓቦች ስም ይልቅ አጥርተው ያውቃሉ። ይህን ነቅፈን ብቻ ብንተው ግን የሚሰማን አናገኝም። ስለዚህ ኳሱን ራሱን ይዘን ወደ ክፍል መግባትን መረጥን። የምንነግራቸው ግን ዋንጫ ስለሚደረድሩት ክለቦች ሳይሆን፣ ዛሬ በታችኛው እርከን ስለሚጫወተው ስለ ካሳሌ ነው።

ካሳሌ ሞንፌራቶ በሰሜን ጣሊያን፣ በፒየሞንቴ፣ በፖ ወንዝ ዳር ያለች፣ በሲሚንቶ የታወቀች አነስተኛ ከተማ ናት። ክለቡን እ.ኤ.አ. በ1909 የመሠረተው ባለሀብት አይደለም፤ ራፋኤሌ ያፌ የተባለ የሊያርዲ ትምህርት ቤት መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ነው። ጎረቤታቸው ቬርቼሊ በ1908 እና በ1909 ተከታትላ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆና ነበርና የካሳሌ ልጆች ቁጭት ይዟቸዋል። ቬርቼሊዎች ነጭ ለባሾች ስለነበሩ፣ እነርሱ በጥቁር ማሊያ ደረት ላይ ነጭ ኮከብ አድርገው ለበሱ። እልህ እንዲህ ሲሆን እኛም አንጠላውም።

በግንቦት 1913 ሬዲንግ የተባለ የእንግሊዝ ፕሮፌሽናል ክለብ በጣሊያን እየዞረ ሲጫወት ሚላንን 5 ለ 0፣ ቬርቼሊን 6 ለ 0፣ ብሔራዊ ቡድኑን እንኳ ሳይቀር 2 ለ 0 ረታ። በካሳሌ ግን 2 ለ 1 ተሸነፈ። በዓመቱ፣ በ1914፣ ካሳሌ በመጨረሻው ግጥሚያ ላትሲዮን በሜዳው 7 ለ 1፣ ሮም ላይ ደግሞ 2 ለ 0 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ክለቡ ገና አምስት ዓመት አልሞላውም ነበር። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ያላቸው ትልልቅ ክለቦች በረቱ። የከተማዋ ልጅ ካሊጋሪስ እንኳ በ1928 ወደ ጁቬንቱስ ሄደ። ካሳሌ በ1934 ከከፍተኛው ሊግ ወረደ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም።

ተማሪዎቻችንን ዝም የሚያሰኛቸው የመምህሩ መጨረሻ ነው። ያፌ የተወለደው ከየሁዲ ቤተሰብ ነው፤ በ1937 ክርስትና ተቀበለ። በ1938 የወጣው የፋሽስት የዘር ሕግ ግን የሚጠይቀው ደሙን እንጂ እምነቱን አልነበረም። በየካቲት 1944 ተይዞ በፎሶሊ የእስረኞች ካምፕ በኩል ወደ አውሽቪትስ ተጋዘ፤ በነሐሴም ተገደለ። ዕድሜው ከ60 አልፎ ነበር።

ይህ መንግሥት ለእኛም እንግዳ አይደለም። አገራችንን ወርሮ በያዘ ጊዜ፣ በ1937፣ ጣሊያናዊና የአገሬው ሰው አብረው እንዳይኖሩ በሕግ ከልክሏል። በዚያው ዓመት ሙሶሊኒ ትሪፖሊ ላይ «የእስልምና ሰይፍ» የተባለውን ሰይፍ ከፍ አድርጎ የሙስሊሞች ጠባቂ ነኝ ብሏል። በዚያችው ሊቢያ፣ ቁርኣን ያስተምሩ የነበሩትን አዛውንት ሙጃሂድ ዑመር አል-ሙኽታርን መንግሥቱ በ1931 ሰቅሎ መግደሉን የረሳ ያለ ይመስል!

አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ኡስታዝ፣ ሰውየው ከየሁዲ ዘር ከሆነ እኛ ምን አገባን?» አለን። ጥያቄውን አልተቆጣነውም፤ ከቤትም ከመንገድም የሚሰማውን ነው ያመጣው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአንድ የሁዲ ጀናዛ ሲያልፍ ተነስተው እንደቆሙ፣ ሟቹ የሁዲ መሆኑ ሲነገራቸውም «ነፍስ አይደለችምን?» የሚል ትርጉም ያለው መልስ እንደሰጡ ነገርነው። በቡኻሪም በሙስሊምም የተዘገበ ሐዲስ ነውና ሌላ ማብራሪያ አልጨመርንም።

ልጁ ጥቂት አሰበና፣ ክለቡ ዛሬም ያንኑ ማሊያ ይለብስ እንደሆነ ጠየቀን። ጥቁር፣ ከነነጭ ኮከቡ።