ልል ስል

ሰፈሬ ጠመንጃ ያዥ ነው፤ እንጀራዬም ገንዘብ ያዥነት። ጠመንጃ የያዘ ገና አልተኮሰም፤ ገንዘብ የያዘም ገና አልከፈለም። ሊሆን ሲል የቀረ ነገር የሚያሳስበኝ ምናልባት ከዚህ የተነሣ ይሆናል።

አንድ ቀን አንድ አዛውንት ደንበኛ ገንዘባቸውን ሊቀበሉ ሲሉ ሲስተሙ ተቋረጠ። የዕለቱን ሪፖርት በእንግሊዝኛ ስጽፍ አማርኛዬን ቃል በቃል ገልብጬ «ደንበኛው ልቀበል እያሉ ሳለ» የሚል ዓይነት ነገር አወጣሁ። አለቃዬ ስቀው «ዋዝ አባውት ቱ» ብለው አረሙልኝ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳሰላስለው ከረምኩ። እንግሊዝኛ ለጥቂት የቀረን ድርጊት በቦታ ይለካዋል። «አባውት» በጥንት ትርጉሙ «በዙሪያ» ማለት ነው፤ «ኦን ዘ ቨርጅ» ጠርዝ ላይ፣ «ኦን ዘ ብሪንክ» አፋፍ ላይ ማለት ነው። ሰውየው ከድርጊቱ ደጅ ቆሞ ይታያል። እኛም በጋዜጣ «በጦርነት አፋፍ» እንላለን። በቤታችን አማርኛ ግን ነገሩን የሚሸከመው «አለ» የሚለው ግስ ነው፦ ልወጣ ስል፣ ልጁ ሊወድቅ ሲል፣ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል። አፍ የሌላት ጀንበር እንኳ በእኛ ቋንቋ «ልጥለቅ» ሳትል አትጠልቅም።

ከአባቴ ጋር ተኳርፈን የከረምንበት ጊዜ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። አንድ ምሽት ብቻችንን ተቀምጠን ሳለ «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» ልል ስል መብራት ጠፋ። እርሳቸው ሻማ ፍለጋ ተነሡ፤ እኔም ክብሪት ፍለጋ ኪሴን ዳበስኩ። ሻማው ሲበራ ወሬው ስለ መብራት ሆነ። ነገ እላለሁ ብዬ ተኛሁ። ብዙ ነገዎች አለፉ፤ በዚያው ክረምት ዐረፉ።

በእንግሊዝኛው ቢነገር፣ ከይቅርታው ደጅ ቆሜ ነበር ማለት ነው። በአማርኛው ግን «ልል ስል» ውስጥ «ማለት» ሁለት ጊዜ አለ። በዚህ ለዓመታት ተጽናናሁ፤ ሁለት ጊዜ ብያለሁ እያልኩ። ዛሬ ግን ሻማ በለኮስኩ ቁጥር የሚታወሰኝ ሌላ ነው፦ ሁለቱንም ያልኩት ለራሴ ነበር፤ አባቴ አንዱንም አልሰሙም።

አንባብያን ሆይ፣ እናንተም ልትሉ ስትሉ መብራት ቢጠፋባችሁ በጨለማው ውስጥ በሉት። የጠፋው መብራት እንጂ ጆሮ አይደለም።