የውርንጭሎቹ ገመድ

ሐምሌ ነበር። ከኡላንባታር ወደ ምዕራብ ቀኑን ሙሉ በመኪና ስንጓዝ ውለን አርሃንጋይ ስንደርስ፣ መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው ሜዳው ላይ የተወጠረ ረጅም ገመድ ነው። ዳርና ዳሩ በችካል ተይዟል፤ ውርንጭሎች ተሰልፈው ታስረውበታል። ሞንጎሎች «ዘል» ይሉታል። እናቶቻቸው ግን አልታሰሩም፤ ወዲያ ማዶ ወንዙ ዳር ሣር ይግጣሉ።

«ይህ ሁሉ ፈረስ ያለ እረኛ እንዴት አይጠፋም?» ብዬ በአስተርጓሚው በኩል ጠየቅሁ። ያረፍንበት ቤት እመቤት መልስ ሳይሰጡ በአገጫቸው ወደ ውርንጭሎቹ አመለከቱኝ። ልጇ የታሰረባት ባዝራ ርቃ አትሄድም፤ ጡቷ ሲሞላ ራሷ ትመጣለች።

የቀረውን ጥበቃ ድንጉላው ይሠራል። አሥራ አምስት፣ ሃያ ባዝራ ይዞ ይዞራል፤ የራሱን ሴት ልጆች ሲያድጉ ከመንጋው ያባርራቸዋል፤ እነሱም ሌላ መንጋ ይቀላቀላሉ። ጋማው አይቆረጥም። ለግልቢያ የሚውሉት የተኮላሹት ናቸው።

የባዝራ ጡት ትንሽ ነው፤ እንደ ላም ወተት አያጠራቅምም። ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይታለባል። አባወራው ውርንጭላውን ፈትተው ያመጡታል። ጥቂት ይጠባል። ወተቱ መውረድ ሲጀምር አፉን አላቅቀው እዚያው ከእናቱ ጎን ያቆሙታል፤ ጠረኑን እያሸተተች ትረጋጋለች። እመቤቲቱ በአንድ ጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ባልዲውን በሌላው ጉልበት ላይ አሳርፈው፣ አንድ ክንዳቸውን በኋላ እግሯ ዙሪያ አሳልፈው ያልባሉ። ጥጃ አስጥቦ ማለብ እያየሁ ያደግሁበት ስለሆነ ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ቆምኩ። ፍራንሲስካዊው መነኩሴ ዊልያም ሩብሩክ እ.ኤ.አ. በ1253 ወደ ሞንጎሎች ምድር በተጓዘ ጊዜም ይህንኑ ገመድና ይህንኑ አስጥቦ ማለብ አይቶ ጽፎታል።

ወተቱ «ሆሁር» ወደሚሉት የላም ቆዳ ስልቻ ይገለበጣል። ስልቻው በሩ አጠገብ ስለሚንጠለጠል ገቢውም ወጪውም በእንጨት መናጫው ይንጠዋል። ከዚያ አይራግ ይሆናል፤ ኮምጣጣ፣ ምላስ ቆንጠጥ የሚያደርግ፣ ትንሽ አልኮል ያለው። ዩኔስኮ ይህን ሙያ እ.ኤ.አ. በ2019 መዝግቦታል። እኛ ነገሥታቱን በፈረሳቸው ስም አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው ብለን የጠራን ሰዎች ነን፤ የባዝራ ወተት ግን ማጀታችን ገብቶ አያውቅም። ጽዋውን በቀኝ እጄ ተቀብዬ ትንሽ አመነታሁ፤ ከዚያ ጨልጬ ጠጣሁት።

እመቤቲቱ «ብዙ የሚያልብ ሰው በክረምት ያለቅሳል» አሉኝ። ጡት የቀረበት ውርንጭላ ስብ ሳይዝ በረዶው ይደርስበታል። ሞንጎሎች ዙድ የሚሉት ክፉ ክረምት እ.ኤ.አ. በ2009 እና 2010 መካከል ከ8 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ጨርሷል። ስለዚህ መጸው ሲገባ ማለቡ ይቀራል። ገመዱ ሥር ያለው ሣር ሲረገጥም ችካሉን ነቅለው ሌላ ቦታ ይተክሉታል። ይህ ጥንቃቄ ከየትኛውም የእርባታ ትምህርት አያንስም እላለሁ።

ጀንበር ስትጠልቅ አባወራው ከገመዱ ጫፍ ጀምረው ውርንጭሎቹን አንድ በአንድ ፈቱ። ሁሉም ወደ እናቶቻቸው ሮጡ። እስኪነጋ ድረስ ባዝራ አትታለብም።