ከሊማሊሞ ግርጌ፦ የድብ ባሕር ጉብኝታችን በፎቶግራፍ



አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ጋሺያ ወደ ሰማይ ከፍታ፣ ወደ ተራሮች አተካከልና ወደ ምድር አዘረጋግ እንድንመለከት ያሳስበናል። ይህን አንቀጽ በመድረሳ የሐፈዘ ልጅ ብዙ ነው፤ ተራራውን ቆሞ ያየው ግን ጥቂት ነው። በጥር 2010 ዓ.ም. በትምህርት ቤት ዕረፍት፣ ልጆቻችንን ይዘን ከጎንደር ወደ ድብ ባሕር የሄድነው ለዚህም ጭምር ነው። ዋናው ምክንያት ግን ዝምድናን መቀጠል ነበር። አክስታችን በዚያ ይኖራሉ፤ ልጆቻችንም አይተዋቸው አያውቁም ነበር።

የአባቶቻችን መንገድ

ጎንደርን አፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. እንደቆረቆሯት፣ ግንቡም በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት እንደተመዘገበ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ከዚሁ ጋር ሊታወቅ የሚገባው ሌላም አለ። በ1668 እ.ኤ.አ. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በተላለፈ ውሳኔ የከተማዋ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ተደረገ። ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ሰፈር የእነርሱ ሰፈር ነበር። መሬት ለማግኘት በሩ ስለጠበበባቸው ንግድን ያዙ። የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ወርቅ ጭነው በሊማሊሞ ቁልቁለት ወርደው፣ ተከዜን ተሻግረው፣ በአድዋ በኩል እስከ ምጽዋ ይዘልቁ ነበር። ወደ ሐጅ የሚሄደውም ወደ ባሕሩ የሚወርደው ከሲራራ ነጋዴው ጋር ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነስቶ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ይህንኑ ዳገት ወጥቶ ነው።

ልጆቻችን ይህን የሰሙት በአውቶቡስ ውስጥ ነው። ከጎንደር እስከ ደባርቅ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን ስናልፍ ብርዱ እየበረታ፣ የገብሱ ማሳ እየሰፋ ሄደ። የመጀመሪያው ፎቶግራፋችን በደባርቅ ገበያ በጋቢ የተጠቀለሉ ሁለት ልጆቻችንን ያሳያል፤ ከአፍንጫቸው ጫፍ በቀር የሚታይ ነገር የለም።

ሊማሊሞ

ከደባርቅ ወጣ እንዳልን ምድር ከእግራችን ሥር ጠፋች። መንገዱን ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍለው ያወጡት ሲሆን፣ እንደ ተጠቀለለ ገመድ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። አሽከርካሪው ለአፍታ ሲቆምልን፣ ከያዝነው ውሃ ውዱእ አድርገን ዙህርንና ዐስርን አሳጥረንና አዋህደን ሰገድን። ቂብላ በዚህ አገር ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው። ስለዚህ ፊታችን ወደ ገደሉ፣ ከገደሉም ወዲያ ወደተደረደሩት አምባዎች ነበር። ሰላት ላይ ስለነበርን ፎቶ አላነሳንም፤ ከሁሉም የበለጠ የሚታወሰን ግን እርሱ ነው።

ጭላዳዎቹን ግን አንስተናቸዋል። ከኢትዮጵያ ሌላ የማይገኙት እነዚህ እንስሳት ሣር እየነጩ ይበላሉ፤ ደረታቸው ላይ ቀይ ቦታ አላቸው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆነ፤ በ1996 አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ በ2017 ከዚያ ዝርዝር ወጣ። ትንሹ ልጃችን ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ «እነርሱ ግን አደጋ ላይ መሆናቸውን ያውቁ ነበር?» ብሎ አሳቀን።

በአክስታችን ቤት

ድብ ባሕር ስንደርስ ጋቢው ሁሉ ወለቀ። ከላይ ብርድ፣ ከታች ሙቀት፤ ከላይ ገብስ፣ ከታች ማሽላ። አውድማው ላይ በሬዎች ይሽከረከራሉ፤ ልጆቻችን የጭድ ክምር ላይ ተንከባለሉ። ይህ ፎቶግራፍ በቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

አክስታችን የማሽላ ፈንድሻ አፈኩልን፤ እርጎ በቅል ቀረበ። ቡናው ሲፈላ ክርስቲያን ጎረቤታቸው መጥተው አብረውን ጠጡ። ልጃችን፣ «እማማ፣ ብቻዎን ሲኖሩ አይፈሩም?» ብትላቸው፣ «ጎረቤት እያለ ምን ብቸኝነት አለ ልጄ? ሥጋው የየራሳችን ነው፤ ቡናው የጋራ» አሏት።

ፎቶ ልናነሳቸው ስንል አልፈቀዱም። ስለ ፎቶግራፍ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት እንዳላቸው ይታወቃል፤ እኛም አልተከራከርንም። «ፊቴን ተዉት፤ ከፈለጋችሁ እጄን አንሱ» አሉን። ጀበናውን የያዘው እጃቸው ብቻ በፎቶው ላይ አለ። ማታ ልጆቹን ዙሪያቸው አስቀምጠው የአያት የቅድመ አያት ስም አስቆጠሯቸው። ሰባት ቤት ድረስ የቆጠረ አልተገኘም። «የምትጠሩት ስም ከሌለ ለማን ዱዓ ታደርጋላችሁ?» ሲሏቸው ልጆቹ ዝም አሉ። በማግስቱ ትልቋ ልጃችን ስሞቹን በደብተር ጻፈች።

ከዚያ በኋላ

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ በዚያው መንገድ ላይ ደረሰ። ለብዙ ቀናት የአክስታችንን ድምፅ መስማት አልቻልንም። በእጃችን የነበረው ያ ጀበና የያዘ እጅ ብቻ ነበር፤ ልጆቻችን እርሱን እያዩ ለእርሳቸውና ለጎረቤታቸው ዱዓ ያደርጉ ነበር። በመጨረሻ ስልኩ ሠራ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ሁለቱም በሕይወት ነበሩ። ፎቶውን እያየን እንደሰነበትን ብንነግራቸው፣ «እኔ እዚህ የናንተ ፎቶ የለኝም፤ ልጆቹን ራሳቸውን አምጡልኝ» አሉን።

ውድ ወላጆች! በሩቅ አገር ያለች አክስት፣ በገጠር የቀረ አጎት የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሰውን ከማንሳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ ያልፈቀደንም አክብሩ። ደብተርና እርሳስም ያዙ፤ ሽማግሌዎች የሚነግሯችሁን ስም ካሜራ አይዘውም። አላህ የአገራችንን መንገዶች ሁሉ የሰላም ያድርግልን። ኣሚን።