ደንቆሮ ጫካን ለባለቤቴ

ባለቤቴ ያደገችው ደንቆሮ ጫካ ጥግ ነው፤ ዛሬ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ በሚባለው ቦታ አፋፍ ላይ። መካነ ሰላም ከገባን ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር የምታነሳው ያንኑ ነው፤ ጉሙን፣ አስታውን፣ ገደል ለገደል የሚንጫጫውን ጭላዳ። ለእንቁጣጣሽ ምን ልስጣት ብዬ ሳወጣ ሳወርድ ቀሚስ ከመግዛት አገሯን ልሣልላት አልኩ። ብሩሽ ከጨበጥኩ ዘመን አልፎኝ ነበር። ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ከወጣ በኋላ ለራሴ የያዝኳቸውን ነገሮች ልንገራችሁ።

ለሚያውቁት ሰው መሣል ይቀላል። ልጆች ሳለን ጳጉሜን ሲገባ ከደብተር ላይ ወረቀት ገንጥለን አደይ አበባ፣ ፀሐይና መልአክ እንሥል ነበር። መስከረም 1 ቀን ጠዋት ቤት ለቤት ዞረን እንሰጥና ሳንቲም እንቀበላለን። ለየትኛዋ ጎረቤት ቅዱስ ሚካኤል፣ ለየትኛው ባለሱቅ አበባ እንደሚሄድ እናውቃለን፤ አበቃ። ከፍ ስል አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱትን የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማለም ጀመርኩ፤ ያን ጊዜ እያንዳንዷ መስመር የመግቢያ ፈተና ሆነችብኝ። ማን እንደሚያርመኝ ሳላውቅ እርማቱን ፈርቼ ተውኩት። አሁን ተመልካቼ አንዲት ሴት ናት። ጥላና ብርሃኑ ገባ አልገባ ግድ የላትም፤ የምትፈልገው ውኃ የቀዳችበት ምንጭ በቦታው መኖሩን ነው።

በቤት ያለ ነገር ይበቃል። ቀለሙን በአቀስታ በኩል የሚመላለስ ወዳጄ ከደሴ አመጣልኝ። ሸራ ያልኩት አቡጀዲ ነው። አናጢ በሠራልኝ ፍሬም ላይ ወጠርኩና ጄሶን ከኮላ ጋር አቅጥኜ ቀባሁት፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፤ ደግሜ ቀባሁት። ይህ የእኔ ግኝት እንዳይመስላችሁ። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ጣውላውን በጄሶና ከእንስሳ ቆዳ በሚወጣ ሙጫ ያሰናዱት ነበር፤ የብዙ አብያተ ክርስቲያናት የግድግዳ ሥዕልም ጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ነው። ጥሩ ዕቃ እስኪገኝ እያልኩ ያሳለፍኳቸው ዓመታት ትዝ ሲሉኝ በራሴ ሳቅሁ።

ደጋው አረንጓዴ አይደለም። ይህን ለማወቅ ሄጄ ማየት ነበረብኝ። ቤት ቁጭ ብዬ ጓሳውን ከቱቦው በወጣው አረንጓዴ ስቀባው የኳስ ሜዳ መሰለ። ሄጄ ቁልቁል ጎንበስ ብዬ ሳየው ግን አንዱ ዘለላ ከሥሩ ገለባማ ቢጫ፣ ወገቡ ላይ አመድማ፣ ጫፉ ላይ ብር የመሰለ ነው። ንፋስ ሲያስተኛው ኮረብታው በሙሉ ይነጣል። አረንጓዴው ላይ ትንሽ ቀይ፣ ከዚያ ነጭ፣ ከዚያ የቢጫ ጠብታ እየጨመርኩ ሳማስል፣ በድንገት ያ ያየሁት ቀለም ከሳህኑ ላይ ወጣ። ብቻዬን ጮህኩ! ከዚያ በኋላ ሻዬ ሳይጠጣ ሲቀዘቅዝ፣ ሲመሽ አይታወቀኝም። የጅብራው ግንድ፣ የጭላዳው ደረት ላይ ያለው ቀይ ገላ፣ ሁሉም የየራሱ እንቆቅልሽ ነበረው። ልጅ ሆኜ ያቆምኩት ጨዋታ ካቆምኩበት ቀጠለ ብል አላጋነንኩም።

ጠባብ ቤት ውስጥ ምስጢር የለም። ባለቤቴ ከመጀመሪያው አውቃለች፤ እንዳላወቀች ሆና አሳለፈችልኝ።

አማትን ማማከር ደግ ነው። ምንጩ አጠገብ እንስራ ያዘለች ልጅ ከጎን ሥዬ ነበር፤ ባለቤቴን ነው። አማቴ ለጥየቃ መጥተው ሥዕሉን በዝምታ ሲመረምሩ ቆዩና፣ «ምነው፣ ልጄን በአንድ ዓይን አስቀሯት? ምን አጠፋችብዎ?» አሉኝ። ክው አልኩ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ሰይጣንና ከሐዲ ነው በጎን በአንድ ዓይን የሚሣለው። ሴትየዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሥዕል ሲያነቡ ኖረዋል። «እማማ፣ አሁን አዞራታለሁ» ብዬ አዞርኳት፤ ሁለት ትልልቅ ዓይኖችም ሰጠኋት። ከእንስራው ጋር አንገቷ እንዴት እንደሚዞር አትጠይቁኝ፤ ሥዕሉ ግን ከበፊቱ ይልቅ እሷን መሰለ።

በመጨረሻ ፊርማ። በድሮ ሥዕሎቻችን ላይ የሠዓሊ ስም እምብዛም አይገኝም። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን ከጥቂቶቹ አንዱ ነው፤ ጣና ላይ በዳጋ እስጢፋኖስ በሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል ስሙ ሠፍሯል። ይልቅ ብዙ ጊዜ የምናየው ሥዕሉን ያሠራውን ሰው ነው፤ ከግርጌ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ስሙ ከአጠገቡ ተጽፎ። እኔም ከፊርማ ይልቅ ይህን መረጥኩ። ከጓሳው ሥር፣ በቀኝ ጥግ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ በግንባሬ ተደፋሁ።

ባለቤቴ ሥዕሉን ስሰጣት ምንጩንም ጭላዳውንም አልፋ ዓይኗ ያረፈው ጥግ ላይ በተደፋው ሰውዬ ላይ ነው። ሳቋን ስትጨርስ፣ «መደፋቱንስ ተደፍተሃል፤ መላጣህን ለምን ሸፈንከው?» አለችኝ። ብሩሹን አንስቼ እዚያው አስተካከልኩ።