ዓሣ ነባሪን በጆሮ መጠበቅ

ዓሣ ነባሪ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን የነቢዩ ዩኑስ (ዐ.ሰ) ታሪክ ነው። ባህር በሌለበት አገር ስላደግን ከዚያ ያለፈ ብዙም አናውቅም ነበር፤ ሲያትል የሚኖሩ ወንድሞቻችን የኦርካሳውንድን ሊንክ እስኪልኩልን ድረስ።

ድረ ገጹ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ባህር ውስጥ ከተተከሉ ሃይድሮፎኖች፣ ማለትም የውኃ ውስጥ ማይክሮፎኖች፣ የሚመጣውን ድምፅ በቀጥታና በነፃ ያሰማል። እነሱ ዘንድ ሲነጋ እኛ ዘንድ ስለሚመሽ፣ ከዒሻ በኋላ ኢርፎን ሰክተን ተሰበሰብን። የሰማነው ግን በአብዛኛው የመርከብ ሞተር ነው! ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በአየር ከሚጓዘው አራት እጥፍ በላይ። አንድ መርከብ አልፎ እስኪጠፋ ድረስ ጆሯችን ደከመ።

እኛ ኢርፎኑን እንነቅላለን። ኦርካዎቹ ግን የት ይሂዱ? እነዚህ ጥቁርና ነጭ የዶልፊን ዘመዶች የሚበሉትን ቺኑክ የተባለ ሳልመን የሚያገኙት ድምፅ ልከው የገደል ማሚቶውን በማዳመጥ ነው። ጫጫታው ይህን ይሸፍንባቸዋል፤ ሳልመኑም ራሱ ተመናምኗል። በዚያ አካባቢ የሚኖሩት፣ ደቡባዊ ነዋሪ የሚባሉት ኦርካዎች ከ80 በታች ናቸው። በ2018 አንዲት እናት የሞተ ግልገሏን ለ17 ቀናት ተሸክማ ስትዋኝ ዓለም አይቷል።

ለማየት ብሎ በጀልባ መከተልም ሌላ ጫጫታ ነው። ከ2025 ጀምሮ የግዛቱ ሕግ ጀልባዎች ከ900 ሜትር በላይ እንዲርቁ ያዛል። ስለዚህ በሳን ሁዋን ደሴት ላይም ክለን በሚባለው ፓርክ ሰዎች ከዓለቱ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። መቼ እንደሚመጡ በምን ይታወቃል? ሌት ተቀን የሚያዳምጥ ሰው የለም። የማይክሮሶፍት ሠራተኞች የሆኑ በጎ ፈቃደኞች ያገዙበት ኦርካሄሎ የተባለ ማሽን ለርኒንግ እዚህ ጋር ይገባል። ድምፁን ወደ ምስል ይለውጣል፣ ሰዎች ምልክት ካደረጉባቸው ጥሪዎች በተማረው መሠረት ይጠረጥራል፣ ከዚያ ለባለሙያ ያቀርባል። ባለሙያው ሰምቶ ካረጋገጠ ማስታወቂያ ይላካል። እኛን የማረከን ይሄ ነው፤ ማሽኑ ይጠራጠራል እንጂ አይፈርድም።

በቀጥታ እስካሁን አልቀናንም። የተቀዳውን ግን ሰምተናል፤ ዘይት እንዳጣ በር ሲጥ ይላል፣ ከዚያ እንደ ፉጨት ይስባል። ጄ፣ ኬ እና ኤል የሚባሉት ሦስቱ ጎሳዎች እያንዳንዳቸው የሚያዘወትሩት ጥሪ አላቸው። ባለሙያዎቹ ሰምተው የመጣው የትኛው እንደሆነ ይናገራሉ። እኛ ገና ኦርካውን ከመርከቡ በመለየት ላይ ነን።